ያልተከፈለው የካፌ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1847 የዘፈን ግጥም ደራሲው ኧርነስት ቡርዤ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ፓሪስ ውስጥ ካፌ ዴዛምባሳዴር ተቀምጠው ሳሉ የራሳቸው ሥራዎች ሲቀርቡ ሰሙ። ሒሳብ ሲጠየቁ፣ ካፌው ለዘፈኑ ሳይከፍል እነሱም ለመጠጡ እንደማይከፍሉ ተናገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ደራሲዎቹ ረቱ። የደራሲ መብት በፈረንሳይ ሕግ ከ1791 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ የጎደለው ሰብሳቢ ነው፤ አንድ ሰው በየካፌው እየዞረ ዋጋውን ሊጠይቅ አይችልምና። በ1851 የተቋቋመው ሳሴም የተባለ ማኅበር ክፍተቱን ሞላው፤ በጅምላ ፈቃድ እየሰጠ ገቢውን ለአባላቱ ያከፋፍል ጀመር።

ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ማሽኖቻቸውን ለሚያሠለጥኑባቸው ሥራዎች ሚሊዮን ደራሲ አፈላልጎ ማስፈቀድ አይቻልም ይላሉ። ይህን የካፌ ባለቤቶችም ሊሉት ይችሉ ነበር፤ መልሱ ግን በነጻ መውሰድ ሳይሆን የጋራ ማኅበር ሆነ። ተመሳሳዩ የጀርመን ማኅበር ጌማ ኦፕንኤአይን ሙኒክ ውስጥ ከስሶ በ2025 በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት መርታቱም መንገዱ ዛሬም እንደሚያስኬድ ያሳያል። ማሽኑ እንደ ሰው አንብቦ ይማራል ለሚሉም መልስ አለ፦ አንባቢ መጽሐፉን ገዝቶ ወይም ተውሶ ያነባል፤ ኩባንያው ግን ሥራውን አባዝቶ የሚሸጥ ምርት ያበጅበታል። ለእያንዳንዱ ደራሲ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽነቱ ግን ዕዳውን አይሰርዘውም።