የተራራ ብስክሌት የፊት ሹካ አመራረጥ

ሃርድቴይል በሚባለው የተራራ ብስክሌት ላይ የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ነው። የኋላ ጎማው ያለ ማብረጃ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የሹካው ምርጫ የብስክሌተኛውን ምቾት ብቻ ሳይሆን ደኅንነቱንም ይወስናል። ብዙ ገዢዎች ረጅሙን ሹካ የተሻለ አድርገው ይወስዱታል። ጥሩ ሹካ ግን ለፍሬሙ በልኩ የሆነ ሹካ ነው።

እንዲህ ያለው ሹካ በስፋት መታወቅ የጀመረው የአሜሪካው ሮክሾክስ ኩባንያ አርኤስ-1 የተሰኘውን ምርቱን እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። የጭመቃ ርቀቱ፣ ማለትም ሹካው ሲጨመቅ የሚያጥርበት መጠን፣ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ለአገር አቋራጭ ግልቢያ የሚሠሩት ሹካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 120፣ ወጣ ገባ ለበዛበት መንገድ የሚሠሩት ደግሞ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የጭመቃ ርቀት አላቸው።

የርዝመት ገደብ

ማንኛውም ፍሬም የሚነደፈው የተወሰነ ርዝመት ላለው ሹካ ነው። ሹካው በ20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የፍሬሙ የፊት ቱቦ በግምት አንድ ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። በዚህም ብስክሌቱ በቁልቁለት ይረጋጋል፤ በዳገት ግን የፊት ጎማው መሬቱን በሚገባ አይዝም። ሹካው ሲጨመቅ የኋላው ክፍል አብሮ ስለማይወርድም፣ ረጅም ሹካ ያለው ሃርድቴይል በብርቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከሁሉ የከፋው በፍሬሙ የፊት ቱቦ ላይ የሚያርፈው ተጨማሪ ጫና ነው፤ ብየዳው ሊሰነጠቅ፣ የአምራቹ ዋስትናም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ አምራቹ የፈቀደውን ከፍተኛ ርዝመት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

መግጠም ያለባቸው ልኬቶች

የመጀመሪያው በፍሬሙ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው የሹካው አንገት ነው። ብዙ የቆዩ ፍሬሞች ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ፣ 28.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንገት ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ አዳዲሶች ደግሞ ወደ ታች እየሰፋ ለሚሄድ አንገት የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው የጎማው መጠን ሲሆን፣ 26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ነው፤ ውፍረቱ 9 ወይም 15፣ የሹካው የውስጥ ስፋት ደግሞ 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይታያል። አራተኛው የፍሬኑ ዓይነት ነው። ያገለገለ ሹካ የሚገዛ ሰው አንገቱ ለእርሱ ፍሬም እስከሚያጥር ድረስ አለመቆረጡን መለካት ይኖርበታል።

አየር ወይስ ሞላ

በታመቀ አየር የሚሠራ ሹካ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ግፊቱም በልዩ ፓምፕ ከብስክሌተኛው ክብደት ጋር ይስተካከላል። የብረት ሞላ ያለው ሹካ ይከብዳል፤ የአየር መፍሰስ ግን አያሰጋውም። ሞላው ለብስክሌተኛው ክብደት የማይስማማ ከሆነ በሌላ መቀየር አለበት። በተለምዶ ብስክሌተኛው ሲወጣበት ሹካው ከጭመቃ ርቀቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህል እንዲወርድ ተደርጎ ይስተካከላል። ርካሽ ሹካ ሲታይ፣ ተጨምቆ የሚመለስበትን ፍጥነት በዘይት የሚቆጣጠር ክፍል እንዳለው መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ከሌለው ከእንቅፋት በኋላ እየነጠረ መሪውን ከእጅ ሊያስለቅቅ ይችላል።

ወጪው በግዢ ብቻ አያበቃም። የሹካው ዘይት በየጊዜው መለወጥ፣ ጎሚኒዎቹም መጽዳትና ሲያረጁ መተካት አለባቸው። በርካሽ ብስክሌት ላይ የጥሩ ሹካ ዋጋ ከብስክሌቱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ሌላ የተሟላ ብስክሌት መግዛት ይሻል እንደሆነ ማስላት ተገቢ ነው።