ታላቅ፣ ታናሽና ፖፖ፦ ሕፃናትን መጸዳዳት የማስለመድ ታሪክ



የታሪክ ንግግር ስለ ፖፖ ነው ሲባል ፈገግ ያላችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ሆኖም ሕፃን ልጅ በስንት ወሩ መጸዳዳት ይልመድ ለሚለው ጥያቄ አንድ ክፍለ ዘመን እንኳ ሳይሞላ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የሚደርስ መልስ ተሰጥቶበታል። የልጁ አካል በዚያ ዘመን ውስጥ አልተለወጠም። ምን እንደተለወጠ ዛሬ ልመረምር የምወደው በተለይ ታላቁ ሳይለምድ ታናሹ የተወለደባቸውን ቤቶች ይዤ ነው። ዘመኖቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ በ1912 ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም ስለ ሕፃን እንክብካቤ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። ጸሐፊዋ ሜሪ ሚልስ ዌስት የአምስት ልጆች እናት ነበረች። መጽሐፉ ሰገራን የማስለመዱ ሥራ በሦስተኛው ወር፣ ካስፈለገም ከዚያ ቀደም ብሎ ሊጀመር እንደሚችል ይመክራል። ዛሬ ለሚያነብ ሰው ምክሩ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አስቀድሞ የሚታየኝ እጥበቱ ነው። ውኃው ይቀዳል፣ ይፈላል፤ ጨርቁ በእጅ ይታሻል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። በላይ በላይ በሚወለድበት ቤት ደግሞ የሁለት ልጅ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ይከመራል። ታላቁን ቶሎ ማስለመድ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በፊት የእናቲቱ የወገብ ጉዳይ ነበር። በ1928 የጆን ዋትሰን መጽሐፍ ሕፃንን በጥብቅ ሥርዓት የመግራትን ሐሳብ የሳይንስ ካባ ሲያለብሰው፣ ካባው የለበሰው ቀድሞ የነበረ ችግር ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ጠንካራ ፈተና የመጣው ከመንትዮች ነው። መርትል ማክግሮ በኒው ዮርክ ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ተከታትላ ውጤቱን በ1940 አሳተመች። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በየሰዓቱ ፖፖ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ለሌላው ልምምዱ እጅግ ዘግይቶ ተጀመረለት። ዘግይቶ የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ከወንድሙ እኩል ሆነ። ማክግሮ የነርቭ ሥርዓቱ ሳይጎለምስ ልፋቱ ፍሬ እንደማያፈራ ደመደመች። በየሰዓቱ ያስቀመጠውን ሰው ድካም ሳስብ ይህ ግኝት ትንሽ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ቤሪ ብራዝልተን መጣ። በማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ ባለው ክሊኒኩ በ10 ዓመት ውስጥ የተከታተላቸውን 1,170 ሕፃናት መዝግቦ በ1962 አሳተመ። ምክሩ በ18 ወር ገደማ፣ ልጁ ዝግጁነት ሲያሳይ፣ መጀመሪያ ልብሱን እንደለበሰ ፖፖው ላይ በማስቀመጥ እንዲጀመር ነው። በአማካይ የቀን ሽንታቸውን የተቆጣጠሩት በ28.5 ወራቸው ነበር። ለርእሳችን የሚጠቅመው ደግሞ የበኩር ልጆች ከታናናሾቻቸው ጥቂት ዘግይተው መጨረሳቸው ነው። ታናሽ ልጅ ታላቁን እያየ እንደሚማር እናቶች ሳያነቡ ያውቁታል።

ፓምፐርስ የተባለው ዳይፐር ገበያ የወጣው በ1961 በመሆኑ ብራዝልተንን የፈጠረው ዳይፐር ነው የሚሉ አሉ። ጊዜው አይገጥምም፤ መዝገቡ የተሞላው በጨርቅ ዘመን ነው። የሚገጥመው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ጨርቁን ከየቤቱ ሰብስበው አጥበው የሚመልሱ ድርጅቶችም ነበሩ። በክሊኒኩ የተመዘገቡት ቤተሰቦች መጠበቅ የሚችሉ ነበሩ። በኋላ ብራዝልተን ራሱ ትልቅ መጠን ያለውን ፓምፐርስ ማስተዋወቁ ሌላ ታሪክ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች አዲስ ሕፃን ሊወለድ ሲል ታላቁን ማስለመድ አትጀምሩ ይላሉ፤ የለመደውም ታናሹ ሲመጣ ሊመለስበት ይችላልና። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የሁለት ልጅ ዳይፐር የሚገዛ ገንዘብ እንዳለ አስቀድሞ ይገምታል። ገንዘቡ የሌላት እናት ምክሩን ስትሰማ የምትወስደው ጥፋተኝነትን ነው፤ ርእሱን ታሪካዊ ልንለው የሚገባንም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1977 ዴቭሪስ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከኬንያ ጠረፍ ስለ ዲጎ ሕዝብ ጻፉ። የዲጎ እናት ልጇ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ሕፃኑን በእግሮቿ መካከል ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ ይዛ፣ በድምፅ ታሸናዋለች። በአምስትና በስድስት ወሩ ልጁ ቀንም ሌሊትም ደረቅ ይሆናል። ታዲያ ማክግሮ ተሳስታለች? አይመስለኝም። እርሷ የለካችው ልጁ ብቻውን የሚችለውን ነው፤ ዲጎዎች ግን ልጁና ተንከባካቢው አብረው የሚችሉትን ይቆጥራሉ። በኒው ዮርክ ጊዜውን የሚወስነው ሰዓት ነበር፣ በዲጎ ቤት የልጁ ምልክት። ይህ ደግሞ ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚይዝ እጅ ይጠይቃል።

«ሽሽሽ» እያሉ ማሸናት ለእኛም ባዕድ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ በላይ በላይ የወለዱ አያቶቻችሁ ዘንድ መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ በስንት ወሩ እንደለመደ ብቻ አትጠይቁ፤ ጨርቁን ማን እንዳጠበ፣ እናቲቱ አራስ ሳለች ታላቁን ማን እንዳሸና፣ ሌሊት ማን እንደተነሣም ጠይቁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።