በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ውስጥ ለኮምፒውተሮች የሚሰጥ ስያሜ፦ አመራረጥና አያያዝ

በአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የተገናኘ እያንዳንዱ ኮምፒውተር መጠሪያ ስም አለው። ይህ ስም ፋይል በሚጋራበት ጊዜ፣ በጸረ-ቫይረስ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ እንዲሁም በኔትወርኩ የክንውን መዝገብ ላይ ይታያል። በዕለት ተዕለት ሥራ ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ቢሆንም፣ ችግር በሚያጋጥምበት ጊዜ ባለሙያው በቅድሚያ የሚያገኘው መረጃ ይኸው ስም ነው።

ለምሳሌ መቆጣጠሪያው አንድ ኮምፒውተር በቫይረስ መጠቃቱን ቢያመለክትና የተጠቀሰው ስም ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ቢሆን፣ ባለሙያው መሣሪያውን በየቢሮው እየዞረ ለመፈለግ ይገደዳል። በዚህ መካከል ጉዳቱ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች ሊዛመት ይችላል። ስሙ አሁንም በሥራ ላይ ያለ፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩን ለሌላ ያስረከበ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ባልፈጸመው ድርጊት ሊጠየቅ ይችላል።

ስለሆነም ተቋማት ስያሜን በሚወስኑበት ጊዜ አንድ መሠረታዊ መርህ ሊከተሉ ይገባል፦ ስሙ በመሣሪያው የአገልግሎት ዘመን በማይለወጥ ነገር ላይ ይመሥረት፤ የሚለወጠው ሁሉ በመዝገብ ይያዝ።

የስያሜ አሠራር አመጣጥ

የዛሬው ኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት፣ የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ የሚመዘገበው በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚያዘው አንድ ፋይል ነበር። የኮምፒውተሮቹ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ይህ አሠራር በቂ ባለመሆኑ፣ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዛሬም የምንገለገልበትን የዶሜይን ስም ሥርዓት ነደፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ዶን ሊብስ ለኮምፒውተር ስም ስለመምረጥ የሚመክር አጭር ሰነድ በኢንተርኔት የቴክኒክ ሰነዶች ተከታታይ ውስጥ በቁጥር 1178 አወጡ። ሰነዱ ኮምፒውተርን በራስ ስም ወይም በአንድ ፕሮጀክት ስም መጥራትን አይመክርም። በአንጻሩ ከአንድ ዘርፍ የተመረጡ፣ ለምሳሌ የአፈ ታሪክ ቦታዎችን ወይም የንጥረ ነገሮችን ስሞች መጠቀምን ይደግፋል። ይህ የመጨረሻው ምክር ጥቂት ኮምፒውተሮች ላሉት ክፍል የሚመች ሲሆን፣ በመቶ የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላሉት ተቋም ግን አይበቃም።

የተለመዱ ስያሜዎችና ጉድለቶቻቸው

በሠራተኛ ስም መሰየም፦ ሠራተኛ ይዛወራል፣ ያድጋል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ለሌላ ይሰጣል። በተጨማሪም ላፕቶፕ ከመሥሪያ ቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በሆቴል ዋይፋይ ሲገናኝ ስሙን ለዚያ ኔትወርክ ሊያሳውቅ ስለሚችል፣ የሠራተኛው ማንነት ለማያውቃቸው ሰዎች ይጋለጣል።

በተቋም ወይም በሥራ ክፍል ስም መሰየም፦ የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት በየጊዜው ይሻሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በአዲስ መጠሪያ ተደራጅተዋል። በተቋማት ውስጥም መምሪያ የነበረው ዳይሬክቶሬት፣ ዳይሬክቶሬት የነበረው ሥራ አስፈጻሚ ሲባል ታይቷል። የክፍሉን ምህጻረ ቃል የያዘ የኮምፒውተር ስም በእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ማግስት አሳሳች ይሆናል።

በወንዝ፣ በተራራ ወይም በከተማ ስም መሰየም፦ ስሞቹ ለማስታወስ ቀላል ናቸው። ሆኖም የኮምፒውተር ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል በመሆኑ የአጻጻፍ ልዩነት ይፈጠራል። «ዓባይ» በአንድ ወይም በሁለት «ቢ»፣ የ«ቀ» ድምፅ በ«ኬ» ወይም በ«ኪው» ሊጻፍ ይችላል። ስሙ በስልክ ሲነገር ተቀባዩ የትኛውን አጻጻፍ እንደሚጠቀም እርግጠኛ መሆን አይችልም።

በነባሪ ስም መተው፦ ዊንዶውስ ሲጫን «ዴስክቶፕ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በዘፈቀደ የተመረጡ ፊደላትና አኃዞችን የያዘ ስም ይሰጣል። ይህ ስም ስለ መሣሪያው ምንም አይገልጽም፤ በስልክ ለመንገርም አስቸጋሪ ነው።

የሚመከረው ስያሜ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ የቋሚ ንብረት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለተጠቃሚው ሲተላለፍም በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። መለያ ቁጥሩ እስከ ማስወገድ ድረስ ስለማይለወጥ ለስያሜ ተስማሚ መሠረት ነው። ከቁጥሩ በፊት የመሣሪያውን ዓይነት የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ማስቀደም በቂ ነው። ለምሳሌ «ፒሲ-04127» የጠረጴዛ ኮምፒውተርን፣ «ኤልቲ-04391» ላፕቶፕን ሊያመለክት ይችላል። ምሳሌዎቹ እዚህ በፊደላችን የቀረቡት ለንባብ እንዲመች ሲሆን፣ በመሣሪያው ላይ የሚመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ሰርቨር ሲተካ የተጠቃሚዎች ሥራ እንዳይቋረጥ፣ ከመሣሪያው ስም በተጨማሪ ለአገልግሎቱ የተለየ መጠሪያ በዶሜይን ስም ሥርዓት ማስመዝገብ ይመከራል። ተጠቃሚዎች በአገልግሎቱ መጠሪያ ስለሚገናኙ፣ አዲስ ሰርቨር ሲገባ የሚለወጠው መጠሪያው የሚያመለክተው መሣሪያ ብቻ ይሆናል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው የቴክኒክ ገደቦች

1. ስሙ ከ15 ምልክቶች መብለጥ የለበትም፤ በዊንዶውስ ኔትወርክ የቆየው የስም አሠራር ከዚህ በላይ አይቀበልም።
2. የላቲን ፊደላት፣ አኃዞችና ሰረዝ ብቻ ይጠቀሙ፤ ባዶ ቦታ አይፈቀድም። ሰረዝ በስሙ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ አይግባ።
3. ስሙ አኃዝ ብቻ አይሁን።
4. ትልቅና ትንሽ ፊደልን በመለዋወጥ ሁለት ስሞችን መለየት አይቻልም።
5. ከዜሮ ጋር የሚመሳሰለውን «ኦ»፣ ከአንድ ጋር የሚመሳሰሉትን «አይ» እና «ኤል» ከአኃዝ ጋር አጎራብቶ አለመጻፍ ይመረጣል። የዓይነት መለያው ላይ ካሉ በሰረዝ ይለዩ።
6. አንድ ስም ለሁለት ኮምፒውተሮች አይሰጥም። በተቋሙ ዶሜይን ውስጥ በነባር ኮምፒውተር ስም ሌላ መሣሪያ ከተመዘገበ፣ የቀድሞው ከዶሜይኑ ጋር ያለው ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል።

መዝገቡን ስለመያዝ

ቁጥር ብቻውን የት እንዳለና በማን እጅ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የስያሜው ጠቀሜታ የሚረጋገጠው ወቅታዊ መዝገብ ሲኖር ነው። መዝገቡ የኮምፒውተሩን ስም፣ የፋብሪካ መለያ ቁጥሩን፣ ሕንፃውንና የቢሮ ቁጥሩን፣ ተረካቢውንና የርክክቡን ቀን መያዝ አለበት። ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲሰናበት፣ ከንብረት ክፍል የሚሰጠው ማረጋገጫ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍልም እንዲደርስ ማድረግ መዝገቡን ከስህተት ይጠብቃል። የተወገደ ኮምፒውተር ስም ለሌላ መሰጠት የለበትም፤ የቆየ የክንውን መዝገብ በሚመረመርበት ጊዜ ሁለቱን መሣሪያዎች ያምታታልና።

ስሙ በኮምፒውተሩ አካል ላይ በጉልህ ሊለጠፍ ይገባል። ተጠቃሚው እርዳታ ሲጠይቅ የተለጠፈውን ቢያነብ፣ ባለሙያው ጊዜ ሳያባክን መሣሪያውን ይለያል።

ነባር ስሞችን ስለመለወጥ

ሁሉንም ስሞች በአንድ ቀን መለወጥ አያስፈልግም። አዲስ የሚገቡ ኮምፒውተሮችን በአዲሱ ሥርዓት መሰየም፣ ነባሮቹን ደግሞ ከዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ጋር አያይዞ ደረጃ በደረጃ ማስተካከል ይቻላል። ሆኖም የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ ወር መጨረሻ የፋይናንስ ክፍል ኮምፒውተሮችን ስም መለወጥ አይመከርም፤ ለውጡ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳትን የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ በቀድሞው ስም የተጋሩ ማኅደሮችንና ፕሪንተሮችን ግንኙነት ሊያቋርጥ ይችላል። የቀድሞው ስምና ለውጡ የተደረገበት ቀን በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት።

ተጠቃሚዎችም ያለ ባለሙያ ፈቃድ የኮምፒውተራቸውን ስም ከመለወጥ ሊቆጠቡ፣ ኮምፒውተር ሲያስረክቡም የተለጠፈው ስም በርክክብ ሰነዱ ላይ በትክክል መስፈሩን ሊያረጋግጡ ይገባል።