ቤት ለእምቦሳ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ስንሄድ «ቤት ለእምቦሳ!» እንላለን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልስልናል። ዕድሜዋን በቀበሌ ቤት የገፋችው እናቴ ግን ይህን መልስ የምትሰጥበት ቀን ሳይመጣላት አለፈች።

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። በወር ከ300 ብር በታች ይከፈልባቸው የነበሩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የአከራይ ፊት ሲገርፈው ለኖረ ድኻ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እናቴ «ውጪ የሚለኝ ጠፋ» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ታዲያ አዋጁ ኪራይ ቀነሰ እንጂ ቤት አልጨመረም። ለኪራይ ቤት ይሠራ የነበረው ባለገንዘብ እጁን ሰበሰበ፤ ቀበሌም ከሚለቅመው ሳንቲም ለጥገና የሚተርፈው አጣ። ኪራዩ ባለበት ሲቆም የጭቃው ግድግዳ ግን ማርጀቱን አላቆመም። አንድ ክረምት እናቴ «ቆርቆሮውን በገዛ ገንዘቤ ላስለውጥ» ብትል «የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም» ተባለች። ፈቃዱ እስኪመጣ ሳፋ ደቅነን ከረምን። ባለቤቱ አይጠግን፣ ነዋሪው እንዳይጠግን ይከለከል፤ እንዲህ ያለ ቤት ምን ያህል ይቆማል?

ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ይሄኛው ግን ሽያጭ ነው፤ በ20/80 ደንብ 20 በመቶውን ቆጥቦ መክፈል፣ የቀረውን ለባንክ በየወሩ መገፍገፍ አለ። ዕጣ የወጣላት አንዲት ጎረቤታችንን «ቤት ለእምቦሳ!» ብንላት «እሱን ለተከራዮቼ በሉልኝ» አለችን። የባንኩን ዕዳ ለመክፈል አከራይታው እሷ እዚያው ጭቃ ቤት ቀርታለች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በፒያሳም በካዛንቺስም ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰዋል። መፍረሳቸው ብቻውን አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሁለት ነገር ብቻ መሞከራችን ነው፦ የማይጠገን የኪራይ ቤትና ድኻው የማይችለው የሽያጭ ቤት። ኪራዩ ከነዋሪው ገቢ ጋር የሚመዘን፣ ከኪራዩም ላይ የጣሪያው ማደሻ ተለይቶ የሚቀመጥለት የመንግሥት ቤት ግን በወጉ ሠርተን አላየንም። ድኻ ሁሉ ባለቤት ካልሆነ አይልም እኮ። የማያፈስ ጣሪያና «ውጣ» የማይል አከራይ ከተገኘለት፣ ተከራይም ቢሆን «እምቦሳ እሰሩ» ማለቱ አይቀርም።