ከደጅ ጥናት ወደ መብት

በቀድሞው ዘመን ከሹም ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር፤ የሚሻውን ጽሑፍ ቢያገኝ እንኳ የሚሰጠው በችሮታ እንጂ በመብት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ አፈጻጸሙን ወደፊት ለሚወጣ ትእዛዝ ስለ ተወው፣ አገር አቀፍ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 እስኪደነገግ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ።

በዚሁ መካከል የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌም የነዋሪው ማኅደር የሚገኝበት የቅርብ መሥሪያ ቤት ሆነ። ወራሽነቱን የሚያስረዳም ሆነ ቤቱን የሚያስመሰክር ሰው ማስረጃ ፍለጋ ወደዚያው አመራ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዲረጋገጥ ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ቢከለክልም ምክንያቱን እንዲያስታውቅ አዘዘ። በዚህም ደጅ ጥናት በሕግ ፊት ጥያቄ ሆነ።

ይሁን እንጂ ያልተጻፈውን ማስነበብ፣ የጠፋውንም ማኅደር መመለስ ለሕግ አይቻለውም። በ30 ቀን ውስጥ የሚጠበቀው መልስ የሚወሰነው ከ30 ዓመት በፊት መዝገቡን አስተካክሎ በጻፈውና ከምስጥና ከዝናብ በጠበቀው እጅ ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቤትን ሥራ እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት፣ ሳያውቀው የዜጋውን መብት ዝቅ ያደርጋል።