ብድር በምድር፦ ጄምስ ቦንድ፣ «ሰላዩ ሬሳ» እና «ኦሮማይ»

1983 ለስለላ ታሪክ ወዳጆች ጉደኛ ዓመት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ እንዳንጣላ!) በጁን ወር ሮጀር ሙር «ኦክቶፐሲ» በተባለው ፊልም ጄምስ ቦንድ ሆኖ ብቅ አለ። በኦክቶበር ደግሞ ሾን ኮነሪ «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌን» በተባለ ሌላ ፊልም እሱም ጄምስ ቦንድ ነኝ ብሎ መጣ። አንድ ሰላይ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት ተቀናቃኝ አምራች! በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመ። እሱም ውስጡ ሰላይ አለበት።

ለመሆኑ ከሦስቱ «ኦርጅናሉ» የትኛው ነው? ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ስለ ሀገራችን ፊልምና ልቦለድ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ኩረጃ ነው» የሚል ፍርድ ከአፋችን ሲወጣ ለአፍታ እንኳ አናስብም። እስቲ ዛሬ መዝገቡን ገለጥ አድርገን ማን ከማን እንደተበደረ እንመልከት።

ቦንድ በቦንድ ላይ ሲነሳ

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦንድ አባት ኢያን ፍሌሚንግ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ኬቪን ማክሎሪ ከተባለ ፊልም ሠሪና ጃክ ዊቲንግሃም ከተባለ የፊልም ጸሐፊ ጋር ሆኖ አንድ የፊልም ታሪክ ያዘጋጃል። ፊልሙ ሳይሠራ ይቀራል። ፍሌሚንግ ግን ታሪኩን ወደ ልቦለድ ለውጦ «ተንደርቦል» በሚል ርዕስ በ1961 በራሱ ስም ያሳትመዋል። ሁለቱ ባልደረቦቹ ከሰሱት። ክርክሩ በ1963 ለንደን ላይ በስምምነት ተዘጋ፤ የታሪኩ የፊልም መብት ለማክሎሪ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የሚታተመው መጽሐፍም ታሪኩ ሦስቱ ከጻፉት የፊልም ጽሑፍ የተወሰደ መሆኑን እንዲናገር ተደረገ።

በ1983 ሁለት ቦንድ ያየነው ለዚህ ነው። ማክሎሪ በእጁ ያለችው ያችው አንድ ታሪክ ናት፤ በ1965 «ተንደርቦል» ተብላ አንዴ ተሠርታለች፣ እሱ ደግሞ ስሟን ለውጦ ድጋሚ አሠራት። በገቢ «ኦክቶፐሲ» በለጠ፤ ጠቡ ግን አልበረደም። መብቱ ከማክሎሪ ወራሾች ተገዝቶ ነገሩ የተቋጨው በ2013 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው የቦንድ ፊልም ርዕስ «ስፔክተር» መሆኑ ታዲያ አያስገርምም፤ ሲያጣላ የኖረው የክፉዎቹ ማኅበር ስም ወደ ቤቱ መመለሱ ነበር።

ልብ በሉ፤ ጠቡ «ሐሳብ ወሰድክ» ብቻ አልነበረም። «አብረን የሠራነውን ለብቻህ ፈረምክበት» ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዕዳ የሌለበት ማን አለ?

ቦንድ ራሱ ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም። ፍሌሚንግ ስሙን የወሰደው ስለ ካሪቢያን ደሴቶች ወፎች መጽሐፍ ከጻፈ ጄምስ ቦንድ ከሚባል የወፍ ተመራማሪ ነው። በ1963 «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» ላይ ሄሊኮፕተር ቦንድን ሜዳ ላይ የምታሳድድበትን ትዕይንት ያየ ሰው፣ በ1959 ሂችኮክ በ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» አውሮፕላን አንድን ሰው በበቆሎ እርሻ አጠገብ ሲያሳድድ ያሳየውን ማስታወሱ አይቀርም።

ተበዳሪው ቦንድ ቀጥሎ አበዳሪ ሆነ። በ1966 «ሚሽን ኢምፖሲብል» በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጀምር ዓለም በቦንድ ፍቅር ያበደችበት ሰዓት ነበር። ሮበርት ለድለም በ1980 የፈጠረው ጄሰን ቦርን ደግሞ የስሙ መነሻ ፊደላት ከጄምስ ቦንድ ጋር አንድ ናቸው። ቦርን በ2002 ወደ ሲኒማ መጥቶ በእጅ በተያዘ ካሜራና በጥሬ ድብድብ ተመልካቹን ሲማርክ፣ ቦንድ በተራው ብድር ጠየቀ። በ2008 «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ሲሠራ የድብድቡንና የማሳደዱን ክፍል እንዲመራ የተጠራው ዳን ብራድሊ በቦርን ፊልሞች ላይ ይህንኑ ሥራ የሠራ ባለሙያ ነው። አባት ከልጁ ተበደረ ማለት አይደል?

ሬሳው አማርኛ ሲናገር

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ስለላን ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቀ ሰው ማን ነው ቢባል፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አንጋፋው ደራሲና ጋዜጠኛ ማሞ ውድነህ ከፊት ይሰለፋሉ። «የኛ ሰው በደማስቆ»ን ያነበበ፣ በ1965 ደማስቆ አደባባይ ላይ የተሰቀለውን የእስራኤል ሰላይ ኤሊ ኮኸንን አይረሳውም። «ሰላዩ ሬሳ» ደግሞ እንግሊዞች በ1943 የሠሩትን ተንኮል ይተርካል፤ የመኮንን ልብስ ያለበሱትን ሬሳ ሐሰተኛ ሰነድ አሸክመው ስፔን ጠረፍ ላይ ጣሉት፤ ጀርመኖችም ወረራው ሲሲሊ ላይ ሳይሆን በግሪክ በኩል የሚመጣ መሰላቸው።

የዚህ ታሪክ የዘር ሐረግ ግን ከታሪኩ ይበልጥ ይገርማል። ሬሳ ተጠቅሞ ጠላትን የማታለል ሐሳብ በ1939 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል። የፈረሙበት አድሚራል ጎድፍሪ ናቸው፤ የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ግን የጻፈው ረዳታቸው ነው የሚል ነው። ረዳቱ ማን መሰላችሁ? ኢያን ፍሌሚንግ! ማስታወሻውም ሐሳቡ ባሲል ቶምሰን ከተባለ ደራሲ የወንጀል ልቦለድ የተወሰደ መሆኑን አልደበቀም። ከልቦለድ ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻ ወደ ጦር ሜዳ፣ ከጦር ሜዳ በ1953 ወደታተመው የዩዌን ሞንታጉ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ። (ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን የቦንድ ልቦለድ ያሳተመውም በዚያው በ1953 ነው።) በዚህ ሰንሰለት ውስጥ «ኦርጅናል»ን ፈልጎ የሚያገኝ ካለ ይንገረን።

ሕጋችንስ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደራሲው ሥራዬ አይተርጎምብኝ ብሎ መከልከል እንዳይችል አድርጎ ነበር። ያለ ፈቃድ የተረጎመ ሰው ግን ይህንኑ በግልጽ ማስታወቅ ነበረበት። በአጭሩ፦ ተበደር፣ ግን አትደብቅ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲመጣ ጨዋታው ተቀየረ፤ ማስተርጎምም ሆነ በሌላ መልክ ማሠራት የደራሲው መብት ሆነ።

ወንፈልና ቅኝት

እኛ አቀስታ ላይ ያደግን ልጆች ቦንድን ሲኒማ አዳራሽ ገብተን አላየነውም። ያየነው ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ አማርኛ በተጫነበት ትርጉም ፊልም ነው። ተራኪው እየቀለደ፣ እየተረበ፣ ፈረንጁን ሐበሻ ሲያደርገው ሀገሩ የት እንደሆነ ይጠፋብን ነበር። ብድር ነበር፤ ግን ጣዕም ነበረው።

ደግሞ ብድርን ለወሎ ሰው ማን ያስተምረዋል? ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ወንፈል ያውቃል። ዛሬ አንተ እኔን ታግዛለህ፣ ነገ እኔ አንተን። መቀበል አያሳፍርም፤ ሳይመልሱ መቅረት ግን ያሳፍራል። አምባሰልና ባቲን የሚያንጎራጉር ዘፋኝም ቅኝቱን ሰረቀ ተብሎ አይከሰስም። ቅኝቱ የሁሉም ነው፤ የሚፈረደው በገዛ ግጥሙና በገዛ ድምፁ ነው። የሌላውን ግጥም የኔ ነው ካለ ግን ያው የፍሌሚንግ ጉድ መጣ ማለት ነው።

በራስ ቅኝት የተዘፈነ

«ኦሮማይ»ን ከዚህ አንጻር እንየው። ርዕሱ ራሱ የውሰት ቃል ነው፤ ከጣሊያንኛ መጥቶ አስመራ ላይ የከረመ፣ «አበቃ፣ አከተመ» የሚል ስሜት ያለው። ጦርነት፣ ሰላይ፣ ቆንጆ ሴት፣ ሰርጎ ገብ... መሣሪያው ሁሉ ዓለም የሚያውቀው የስለላ ልቦለድ መሣሪያ ነው። በዓሉ ግን ቅኝቱን ተውሶ ግጥሙን ከራሱ አወጣ። ጀግናው ጋዜጠኛ ነው፤ ዘመቻው ደራሲው ራሱ አስመራ ላይ ሆኖ ያየው የ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ የሚታዘባቸው ባለሥልጣናትም በሕይወት ያሉ፣ አንባቢው በምስል የሚለያቸው ሰዎች ነበሩ።

ዋጋው ምን ሆነ? መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ የደረሰበትም እስከ ዛሬ በይፋ አልተነገረም። ለንደን ላይ የተካሰሱት የስለላ ደራሲዎች ቢከፋ ቢከፋ ገንዘብ ከሰሩ። እኛ ዘንድ ግን የደማስቆውን ሰላይ መተርጎም ይቻል ነበር፤ የአስመራውን መጻፍ ነው ነፍስ ያስከፈለው። ስለዚህ «የእኛ ሰዎች ለምን የራሳቸውን አይፈጥሩም?» ብለን በምንፈርድበት ጊዜ፣ የፈጠረውን ሰው ምን እንዳደረግነው አብረን እንጠይቅ። የትርጉሙ ብዛት የስንፍና ምልክት ብቻ አይደለም፤ የፍርሃትም ታሪክ አለበት።

ብድሩን ማን ይመልሳል?

በ2025 «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። ስንቀበል የኖርን ሰዎች በተራችን አበደርን ማለት ነው።

ገና ያልተነካም አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጣ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ስታሻግር የነበረችው፣ ተይዛና ተሠቃይታ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዘችው ሸዋረገድ ገድሌ ሰላይ ካልሆነች ማን ሰላይ ሊሆን ነው? የውስጥ አርበኞች ታሪክ ፊልም ጠፋብን ለምንል ለእኛ ትውልድ የተቀመጠ ስንቅ ነው። የካሜራውን አያያዝ ከቦርን እንበደር፤ የትረካውን ፍጥነት ከማሞ ውድነህ እንማር፤ የተበደርነውንም በግልጽ እንጻፍ። ታሪኩ ግን ከእኛው ይሁን። የሚጽፈውም ሰው ማታ ቤቱ በሰላም ይግባ።

ቸር ይግጠመን!