ያ የፈረቃ ዘመን፦ ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013



ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁት ብዙዎቻችሁ ያኔ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበራችሁ። ቅርብ ስለሆነ ታሪክ አይመስለንም፤ ግን ታሪክ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በአገር ደረጃ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ፤ የሶዶ፣ የቦዲቲና የአረካ ልጆችም አብረው። ቁርኣን ቤቶችም ጸጥ አሉ፤ የ1441 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ።

መንግሥት መላ ፈለገ፦ ለአንደኛ ደረጃ ሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ላለው ደግሞ ቴሌግራም። በእርግጥ ከሩቅ ማስተማር ለእኛ አዲስ አልነበረም። ታላላቆቻችን በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን «ፕላዝማ» ያስታውሳሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፕላዝማው ሲያስተምር ተማሪው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ያልገባውን አጠገቡ ያለው መምህር ያብራራለታል። በ2012 ግን ስክሪኑ ሲቀር መምህሩ ታጣ።

በወላይታ ይህ የበለጠ ይከብድ ነበር። ያኔ በዞኑ ብዙ ልጆች በታችኞቹ ክፍሎች በወላይትኛ ይማሩና 5ኛ ክፍል ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገሩ ነበር። ያን ድልድይ የሚያሻግራቸው መምህሩ ነበር፤ ሬዲዮ ተማሪው ግር ሲለው አይቶ አይመለስለትም። መብራት ያልገባበት ቀበሌማ ቴሌቪዥኑም የለም።

በ2013 ትምህርት ቤቶች በየተራ እንዲከፈቱ መርሐ ግብር ወጣ፦ ገጠሩ ጥቅምት 9፣ የዞንና የወረዳ ከተሞች ጥቅምት 16፣ አዲስ አበባና የክልል ከተሞች ጥቅምት 30። ሶዶ ያኔ የዞን ከተማ ስለነበረች ሁለተኛው ዙር ውስጥ ገባች። አንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ እንዲይዝ፣ ሁሉም ማስክ እንዲያደርግ፣ ተማሪውም በፈረቃ እንዲገባ ተባለ። በታብሌት ሊሰጥ የታሰበው የ12ኛ ክፍል ፈተናም በመጨረሻ በወረቀት ተሰጠ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፈረቃ ማለት ግማሹ ቀን ክፍል፣ ግማሹ ቀን ቤት ነው። የክፍሉን ቀን መምህሩ ይሞላዋል። የቤቱን ቀንስ? ፊደል የቆጠረ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ያለው ልጅ ደብተሩን ከፈተ፤ የሌለው ገበያና እርሻ ዋለ። ከልጅ ልጅ ልዩነት ያመጣው የስልኩ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ «እስቲ ደብተርህን አምጣ» የሚል ሰው መኖር አለመኖሩም ነበር።

ወረርሽኙ አልፏል፤ ያኔ የጎደለው ግን በራሱ አልሞላም። ማንበብ በሚለመድበት ዕድሜ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ዛሬ ከፍ ያለ ክፍል ደርሰዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ አሉ፤ ምናልባትም ቤታችሁ ውስጥ። ክረምት ሲመጣ አንዱን ጠርታችሁ «ደብተርህን አምጣ» በሉት።